የሰመር ልብስ በፎል ብርድ፦ ከስር የሚገባው፣ ገበር የሚሰፋለትና ታጥፎ የሚቀመጠው

ጥያቄ፦ «ከዱባይ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው። ይዤ የመጣሁት ልብስ በሙሉ ስስ ነው። እጅጌ የሌላቸው የጥጥ ቀሚሶች፣ ሁለት ረጃጅም የቪስኮስ ቀሚሶች፣ የሊኖ ሱሪዎች፣ አንድ የጂንስ ጃኬት፣ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰው የሀገር ቀሚስ ከነነጠላው፣ እናቴ የላከችልኝ ጋቢ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፌርማታ ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ፣ ከሰዓት ስመለስ ደግሞ ያልበኛል። ሁሉንም ትቼ አዲስ ልግዛ ወይስ በዚሁ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ መዝለቅ ይቻላል? የስፌት መኪና አለኝ፣ ትንሽ ትንሽም እሰፋለሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ምንም አትጣይ። ከዘረዘርሽው ውስጥ ለኖቬምበር የማይሆነው የሊኖ ሱሪው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሥራ አለው። የጎደለሽ ከላይ የሚደረብ ወፍራም ነገር ሳይሆን ከስር የሚገባ ስስ ነገር ነው። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ካፖርት ነው። ካፖርቱ ፌርማታ ላይ ያድንሻል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ግን ማሞቂያው ተለቆ ላብ በላብ ያደርግሻል፣ ሥራ ቦታ ደርሰሽ ስታወልቂው ደግሞ ከስሩ የሚወጣው ያው እጅጌ የሌለው ቀሚስ ነው። ካሰብሽው ገንዘብ አብዛኛውን ከቀሚሱ ስር ለሚለበሰው አውጪ፣ የተረፈውን ከላይ ለሚደረበው።

በነገራችን ላይ «ፎል»ን፣ ሞቃቱን ሰመር የሚከተለውን ወቅት፣ በልግ እያሉ የሚተረጉሙ አሉ። በልግ ለእኛ ከየካቲት ወዲህ የሚጥለው ዝናብ ነው። የሚቀርበው መጸው ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው። የአዲስ አበባን የጥቅምት ጠዋት ታውቂው ከሆነ፣ ጥላ ውስጥ የሚያንቀጠቅጠውን፣ ፀሐይ ላይ ሹራብ የሚያስወልቀውን፣ የኦክቶበር ጠባይ እሱኑ ይመስላል። እዚህ ግን በየሳምንቱ እየባሰበት ነው የሚሄደው።

በዋሽንግተን ዙሪያ በኦክቶበር የቀኑ ሙቀት በአማካይ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ የሌሊቱ 11 ወይም 12 ነው። በኖቬምበር ቀኑ ወደ 15፣ ሌሊቱ ወደ 6 ይወርዳል። አንቺ ያለሽበት ሰፈር ከመሃል ከተማው ትንሽ ስለሚቀዘቅዝ የመጀመሪያው ውርጭ በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽና በኖቬምበር መጀመሪያ መካከል ሊመጣ ይችላል። የምትወጪበት ሰዓት ደግሞ ከቀኑ ሁሉ ቀዝቃዛው ነው፤ ብርዱ የሚጠነክረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ስለዚህ ስልክሽ ላይ ትንበያውን ስትከፍቺ በትልቁ የተጻፈውን የቀኑን ቁጥር ተይውና 5፡30 ኤኤም የሚለውን ተመልከቺ። ፋራናይቱ ግራ ካጋባሽ 30 ቀንሺና ለሁለት አካፍይ፦ 60 ሲል 15፣ 50 ሲል 10፣ 40 ሲል 5 ነው። ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ከአንድ ዲግሪ በላይ አይስትም።

«ስመለስ ያልበኛል» ያልሽው ነገር ከሁሉ በላይ የሚጠቅም ፍንጭ ነው። ሰውን የሚያሞቀው በጨርቁና በቆዳው መካከል ረግቶ የሚቆመው አየር ነው፤ ጨርቁ ሥራው ያንን አየር መያዝ ነው። ጥጥ ላብ ሲጠጣ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያሳልፋል። የራሰ የጥጥ ካናቴራ ንፋስ ሲያገኘው ጀርባ ላይ እንደ በረዶ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ዱባይ ላይ ጥጥን የሚያስመሰግነው ባሕርይ እዚህ ኦክቶበር ላይ ይከዳሻል። ቆዳሽን የሚነካው ጨርቅ ጥጥ ካልሆነ፣ ከሱ በላይ ያለው ጥጥ ቢሆንም ችግር የለውም።

ቆዳ የሚነካው ምን ይሁን? የመጀመሪያው ምርጫ ስስ ሜሪኖ ሱፍ ነው፣ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም የሚመዝነው። ሱፍ የክብደቱን ሢሶ ያህል እርጥበት ውጦ ገና ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። በቀላሉ አይሸትም፣ አንዱን ሁለትና ሦስት ቀን ለብሰሽ በመሃል አየር ላይ ብታሰጪው ይበቃዋል። ሜሪኖ ከተወደደብሽ ለስፖርት የሚሠራው ስስ የፖሊስተር ካናቴራም ላቡን ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ ጉዳቱ ቶሎ መሽተቱ ነው፣ በየቀኑ መታጠብ አለበት። እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ ሰፋ ብሎ ዝቅ ያለ ሁለት፣ አንገቱ የሚታጠፍ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት በቂ ነው። ስትገዢ የጀርባውን መለያ አንብቢ። በአሜሪካ ሕግ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ በመቶኛ መጻፍ ግዴታ ነው። ከፊት «ሜሪኖ ብሌንድ» ብሎ ከውስጥ 90 በመቶ አክሪሊክ (ሱፍ መሰል ሰው ሠራሽ ክር) የሚል ሞልቷል፣ ለእሱ የሱፍ ዋጋ አትክፈይ።

ያገለገለ ልብስ መሸጫ ብትገቢ አያሳፍርም፤ አገር ቤት ሰልባጅ ተራ ገብቶ ጥሩ ሹራብ መርጦ የማያውቅ ማን አለ? ግን ሹራቡን ወደ መብራት ዘርግተሽ እዪው። ብል የነካው እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል። ብብቱን በጣትሽ ሳብ አድርጊው፣ የሳሳ ከሆነ ተይው። የገዛሽውን ቤት አስገብተሽ ከሌላው ልብስ ጋር ከመቀላቀልሽ በፊት በላስቲክ ከረጢት አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆይው። ልብስ የሚበላው የሚበረው ብል አይደለም፣ ትል የሚመስለው እጩ ነው፤ እጩ ደግሞ በዓይን ሳይታይ በስፌቱ መሃል ተቀምጦ ይመጣል።

አሁን ወደ ቀሚሶቹ።

እጅጌ የሌላቸው የጥጥ ቀሚሶች በጣም ቀላሎቹ ናቸው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሰመር ቀሚስ ደረቱ ላይ ከሰውነት 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ብቻ አስፍቶ ይሰፋል። ከስር የምታስገቢው ነገር በውፍረቱ ልክ ሳይሆን በዙሪያው ከውፍረቱ ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይወስድብሻል። 2 ሚሊሜትር የሚወፍር ስስ ሹራብ 1.3 ሳንቲሜትር ገደማ ይበላል፤ ያ ይገባል። 5 ሚሊሜትር የሚወፍር ግን ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ይበላና ቀሚሱ ደረትሽ ላይ ይጨመቃል፣ ዚፑ ይጎትታል፣ አየር የሚይዝበት ቦታም አይተርፍም። ወፍራም ለብሰሽ የበለጠ የሚበርድሽ ጊዜ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለብሰሽ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ከዚያ ተቀመጪ፣ ክንድሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ። ከብብት ስር ከሳበሽ ጠቧል።

የጠበበውን መልቀቅ ይቻላል። ቀሚሱን ገልብጪና የጎኑን ስፌት እዪ። ልብስ ሰፊ የሰፋው ብዙውን ጊዜ በየጎኑ 2 ሳንቲሜትር ትርፍ ጨርቅ ይኖረዋል፣ የፋብሪካው ግን 1 ብቻ ነው፣ እሱም በኦቨርሎክ (ጠርዙን እየቆረጠ በሚቀመቅም መኪና) የተቆረጠ። 2 ካለው ከብብት እስከ ወገብ ያለውን ተርትረሽ በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ስፊው፤ አንድ ጎን ከፊትና ከኋላ ስለሚለቀቅ በጠቅላላው 4 ሳንቲሜትር ታገኛለሽ። ወገብ ላይ ስትደርሺ በአንዴ ወደ ድሮው መስመር አትመለሺ፣ 8 ሳንቲሜትር ያህል ቀስ በቀስ እያጠበብሽ ውረጂ፣ አለዚያ ጎኑ ላይ እንደ ቀንድ ያለ ነገር ይወጣል። የድሮው ስፌት ቀዳዳ በእንፋሎት ካውያ ይከደናል፤ ለዓመታት ፀሐይ የመታው ቀሚስ ከሆነ ግን መስመሩ የቀለም ልዩነት አሳይቶ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉውን ከመተርተርሽ በፊት 2 ሳንቲሜትር ብቻ ፈትተሽ ሞክሪው።

ትርፍ ጨርቅ ከሌለው አትታገዪው፤ ሹራቡን ከላይ ልበሺው። ቀሚሱ ጉርድ ሆነ ማለት ነው። የሹራቡ ጫፍ ዳሌ ላይ የሚያርፍ ይሁን፣ ከዚያ ከወረደ ቁመት ያሳጥራል።

ረጃጅሞቹ የቪስኮስ ቀሚሶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሰፊና ረጅም ልብስ እንደ ጢስ ማውጫ ይሠራል። ሰውነትሽ ያሞቀው አየር በአንገት በኩል ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በእግር በኩል ይገባል። ፌርማታ ላይ ጭንሽን የሚቆነጥጥሽ ይሄ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ይዘጋል፦ አንገት ላይ በሻርፕ፣ ወገብ ላይ በቀበቶ፣ እግር ላይ በስቶኪንግ። እናቶቻችን መቀነቱን አጥብቀው የሚዞሩት ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

ስቶኪንግ ላይ «ዴኒየር» የሚል ቁጥር ታያለሽ። የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው፣ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን። 20 ለዓይን ነው እንጂ ለብርድ አይደለም። እስከ 12 ዲግሪ 40 ወይም 60 ይበቃል፣ ከዚያ በታች 80 ወይም 100 ልበሺ። 5 ዲግሪ ሲገባ ውስጡ ጸጉራም የሆነውን ፈልጊ።

ከዚያ ገበር። የስፌት መኪና ስላለሽ ይህንን ራስሽ ትሠሪዋለሽ፣ ከሁሉም በላይ ለውጡ የሚታይሽም እዚህ ነው። ቪስኮስ ከእግር ጋር የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ነው፤ ከስሩ አንድ ሽፋን ሲገባ በሁለቱ መካከል አየር ይረጋል፣ ቀሚሱም እግር ላይ መጠምጠሙን ይተዋል። ገበሩን እስከ ቁርጭምጭሚት ማውረድ አያስፈልግም። ከጉልበት በታች 5 ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ምክንያቱም የሚበርደው ዳሌና ጭን ነው፣ ረጅም ጠባብ ገበር ደግሞ እርምጃ ይከለክላል፣ ደረጃ ላይም ይቀደዳል።

ለገበሩ የቪስኮስ ወይም የኩፕሮ (እንደ ቪስኮስ ያለ ለስላሳ) ገበር ጨርቅ ግዢ። ርካሹ ፖሊስተር ነው፣ ግን የቤት ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው ፖሊስተር ከናይለን ስቶኪንግ ጋር እየተፋተገ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ቀሚሱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ስታወልቂው ይንጣጣል። ከወገብ ስፌት እስከ ገበሩ ጫፍ 60 ሳንቲሜትር ነው እንበል፣ ዳሌሽ 100። ስፋቱ 140 ከሆነ ጨርቅ 80 ሳንቲሜትር ርዝመት በቂ ነው። መጀመሪያ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ተኩሺው። ሳይታጠብ የተሰፋ የቪስኮስ ገበር በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ቀሚሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ያንን የሚያስተካክል ነገር የለም፣ መተርተር ብቻ ነው።

ፊትና ጀርባውን አንዳንዱን 57 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 64.5 ርዝመት አድርገሽ ቁረጪ። ይህ ዳሌ ላይ 8 ሳንቲሜትር መንቀሳቀሻ፣ በየስፌቱ 1.5፣ ለቅምቅማት 3፣ ለላይኛው ጠርዝ 1.5 ይሰጥሻል። መርፌው 70 ቁጥር ይሁን፤ 90 ቁጥር ገበር ላይ ክር እየመዘዘ መስመር ያወጣል። የስፌቱን እርዝማኔ 2.5 ሚሊሜትር ላይ አድርጊው። ጎንና ጎኑን ስትሰፊ ዚፕ ያለበትን ጎን ከዚፑ ጫፍ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ክፍት ተይው። ዚፑ ጀርባ ላይ ከሆነ ጎኖቹን ሙሉ በሙሉ ስፊና የገበሩን ጀርባ መሃል ለመሃል እስከዚያው ድረስ ሰንጥቂው።

ገበሩ ከቀሚሱ ወገብ ይሰፋል። ትርፉን ዙሪያውን በሽንሽን አትሰብስቢው፣ ሆድ ላይ ያብጣል፤ በፊት ሁለት፣ በኋላ ሁለት ትናንሽ እጥፋት አድርገሽ ያዢው። ቀሚሱን ገልብጪና ገበሩን ደጉ (የጨርቁ የውጭ ፊት) ወደ አንቺ እንዲሆን፣ የውስጥ ፊቱ ከቀሚሱ የውስጥ ፊት ጋር እንዲገናኝ አድርገሽ አልብሺው፣ የላይኛውን ጠርዝ 1.5 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ አጥፊና በእጅ ከወገቡ የስፌት ትርፍ ጋር ብቻ አያይዢው። መርፌው ወደ ውጭ ጨርቅ ከወጣ ቀሚሱ ላይ ነጠብጣብ ይታያል። ዚፑ ጋ ገበሩን ከጥርሱ ግማሽ ሳንቲሜትር ፈቀቅ አድርጊ፣ አለዚያ ዚፑ በያንዳንዱ ቀን ገበሩን ይነክሳል።

የታችኛውን ጫፍ ለብቻው ቀምቅሚው፣ ከቀሚሱ ጋር አትስፊው። ሁለቱ ጨርቆች በተለያየ መጠን ይሳባሉ፣ አንድ ላይ ከተሰፉ ቀሚሱ ከታች እንደ ፊኛ ያብጣል። ገበሩ እንዳይሽከረከር ከፈለግሽ በየጎኑ ስፌት ላይ ከክር የተጎነጎነ 3 ሳንቲሜትር ልል ማሰሪያ ብቻ አገናኚ።

ቀሚሱ ወገቡ ላይ ስፌት ከሌለው ይህ ሁሉ ቀርቶ ያንኑ ጨርቅ በላስቲክ ወገብ እንደ የውስጥ ጉርድ ስፊው። 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ፣ ከወገብሽ 4 ሳንቲሜትር ያነሰ። እንዲያውም በእኔ ፍርድ መጀመሪያ ይህንን ስፊ፤ ለሁለቱም ቀሚስ ያገለግላል፣ ዓይንሽም እጅሽም ይለምዳል። ከዚያ ይበልጥ የምትወጂውን ቀሚስ ብቻ ገበር አግቢለት።

የሊኖ ሱሪ ሙቀትን በፍጥነት ከሰውነት ይወስዳል፣ ሰፊና ልል ስለሚሠራም ንፋስ ያስገባል። በሴፕቴምበር መጨረሻ አጥፈሽ አስቀምጪው። ጂንስ ሱሪ ካለሽ በቦታው ይግባ።

የጂንስ ጃኬቱን አታሳንሺው፣ ግን ብቻውን የብርድ ልብስ አታድርጊው። ጥብቅ ሽመና ስለሆነ ንፋስ በመጠኑ ይመክታል፣ ገበር ስለሌለው ሙቀት አይዝም፣ ዝናብ ከነካው ደግሞ እስከ ማታ አይደርቅም። ገበር ላግባለት ብትይ እጅጌው ይጠባል። የሚሻለው ከስሩ ውስጡ በስሱ የተሞላ ሰደርያ መልበስ ነው። እጅጌ ስለሌለው ክንድ አያጨናንቅም፣ ደረትና ጀርባ ይሞቃል፣ አውቶቡስ ውስጥ ሲሞቅሽም አውልቀሽ ቦርሳ ውስጥ ትጠቀልይዋለሽ። 10 ዲግሪ አካባቢ ላለ ደረቅ ጠዋት ሜሪኖ፣ ቀሚስ፣ ሰደርያ፣ የጂንስ ጃኬትና ሻርፕ ሆነሽ ብትወጪ ካፖርት አያስፈልግሽም።

የሀገር ቀሚሱን በተመለከተ፣ ከቀን መቁጠሪያው ስንጀምር መስቀል የሚውለው በሴፕቴምበር 27 ነው፣ በዚያን ቀን ገና አትቸገሪም። ኅዳር ጽዮን ግን ኅዳር 21፣ ማለትም ኖቬምበር 30 ነው። እዚያ ድረስ ከነዘዴው መድረስ አለብሽ። እጅ ፈትል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከስር ነጭ የምትለብሺ እንደሆነ ነጩ ተለይቶ ይታያል፤ ከቆዳሽ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ቡናማ ከሆነ ግን ይጠፋል። ብዙ ሴት ይህንን በተገላቢጦሽ ታደርገዋለች። ከስር የሚገባው ሜሪኖ አንገቱ ከቀሚሱ አንገት 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፣ እጅጌውም ከቀሚሱ እጅጌ ይጠር።

ነጠላሽን ደግሞ ፌርማታ ላይ በደንብ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። በቁመቱ ለሁለት እጠፊው፣ እንደገና ለሁለት። አራት ድርብ ሆነ፤ ጋቢም አራት ድርብ ነው፣ ስለዚህ አንገትሽ ላይ ጠባብ ጋቢ አሰርሽ ማለት ነው። አንዴ ዙሪያ አዙረሽ ሁለቱን ጫፍ ወደ ደረትሽ አግቢ። ዘርፉን ከጃኬቱ ዚፕ አርቂው። ዚፕ የያዘውን ዘርፍ አትጎትቺ፤ የዘርፉ ክር የድሩ ቀጣይ ስለሆነ አንዱ ሲመዘዝ ከጥለቱ አልፎ እስከ መሃል ይሰበስበዋል። ዚፑን ወደ ኋላ መልሰሽ በመርፌ ጫፍ አላቂው።

ጋቢው? ለቤት፣ ለመኪና፣ ለቅዳሴ። በረጋ አየር የሚተካከለው የለም፤ ሽመናው ልል ስለሆነ ግን ንፋስ ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ዝናብ ከነካው ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ፌርማታ ላይ ለብሰሽው አትውጪ፣ ወይም ከላዩ ንፋስ የማያስገባ ነገር ደርቢ።

ለረጅም ነጭ ቀሚስ የዚህ ወቅት ጠላቱ ብርዱ ሳይሆን እርጥብ ቅጠል ነው። መንገድ ላይ የተከመረው የኦክ ቅጠል ዝናብ ሲመታው እንደ ሻይ ያለ ቡናማ ቀለም ይለቃል፣ የቀሚሱ ጠርዝ ይጠጣዋል። መጀመሪያ እጃችን የሚሄደው ወደ ደረቅ ሳሙና ነው፤ ይህንን ዓይነት ቆሻሻ ግን ደረቅ ሳሙና ያጣብቀዋል። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ ከዚያ በፈሳሽ የልብስ ማጠቢያ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። ጥለቱ ባለ ቀለም ከሆነ አስቀድመሽ ርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ላይ ጫን አድርገሽ እዪ፤ ቀለም ከነካው ሙሉውን አትዘፍዝፊ፣ ጠርዙን ብቻ እጠቢ። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለሙን ያስረዋል የሚለውን አትመኚው። በረኪና ደግሞ ጥለቱን ያጠፋል፣ ሱፍና ሐርንማ ይበላል።

ከሌበር ደይ በኋላ ነጭ አይለበስም የሚል የቆየ ልማድ እዚህ አገር ትሰሚያለሽ። ሌበር ደይ የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ልማዱን ዛሬ የሚከተለው ጥቂት ነው፣ አንቺም አትከተይው። «የፎል ቀለም» የሚባለውም እንዲሁ፤ ቀለም አያሞቅም።

ካፖርት አንድ ትገዢ ዘንድ ግድ ነው፣ ግን ኦክቶበር እስኪጋመስ ጠብቂ። ዝናብ የሚመልስ፣ ከጉልበት ከፍ ወይም ዝቅ የሚል፣ ቢቻል ገበሩ በዚፕ የሚወልቅ ምረጪ። የምትለኪው ወፍራሙን ሹራብሽን ለብሰሽ ነው። የትከሻው ስፌት ከትከሻ አጥንትሽ 1 ወይም 1.5 ሳንቲሜትር ይለፍ። ቁልፉን ቆልፈሽ ራስሽን እንደማቀፍ ክንድሽን አጣምሪ፤ ጀርባው ከወጠረሽ አንድ ቁጥር ጨምሪ። እጅጌው እጅሽን ወደ ፊት ስትዘረጊ የእጅ አንጓሽን መሸፈን አለበት።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ክፍት ጫማ በኦክቶበር መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ካልሲ የሱፍ ይሁን፣ ቦት ጫማ ስትገዢ ከሰዓት በኋላ እግር አበጥ ሲል በካልሲው ለኪው።

አሁን ስለ እጥበት፣ ምክንያቱም የሰመር ልብስን እዚህ አገር የሚገድለው ብዙ ጊዜ ማድረቂያ መኪናው ነው። ቪስኮስ ሲርስ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል። አትጭመቂው፣ ማድረቂያ ውስጥ አታስገቢው፣ በእንጨት መስቀያ ላይ ይደር። ሱፍ በ30 ዲግሪ ውሃ፣ ሳይፈተግ። የሱፍ ጸጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለ፤ ሙቀትና ፍትጊያ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይቆላለፋሉ፣ ሹራቡ የልጅ ሹራብ ሆኖ ይወጣል፣ ተመልሶም አይዘረጋም። በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

ታጥፎ የሚቀመጠው ከመቀመጡ በፊት ይታጠብ፣ ንጹሕ ቢመስልም። ላብ፣ ቅባት፣ የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥ ሲደርቅ አይታይም፤ በኤፕሪል ስትከፍቺው ግን ብብቱና ደረቱ ቢጫ ሆኖ ይጠብቅሻል። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ስታርች አይኑረው። በላስቲክ ከረጢት አታሽጊው፣ ጥጥ ትራስ ልብስ ውስጥ ክተቺው። ቤዝመንት ወለል ላይ አታስቀምጪ፤ እዚያ እርጥበት አይጠፋም፣ ሻጋታ የያዘው የሊኖ ሱሪ ጥቁር ነጠብጣቡ አይለቅም። ናፍታሊን (የብል ማባረሪያው ነጭ ኳስ) ሕፃን ባለበት ቤት አይግባ፣ ከረሜላ ይመስላቸዋል። ሽታውም ከልብስ ለመውጣት ሳምንታት ይፈጃል።

የሀገር ቀሚሱን ግን ከነሱ ጋር አታስቀምጪው፣ ከኅዳር ጽዮን በኋላ ገና አለ። መስቀያ ላይም አይዋል፤ እጅ ሥራ ጨርቅ በራሱ ክብደት ከትከሻው ይረዝማል። ሦስት ቦታ አጥፈሽ መደርደሪያ ላይ አኑሪው፣ በወር አንዴም እጥፉን ቦታ ቀይሪለት፣ አለዚያ መስመሩ ላይ ክሩ ይሳሳል።